ሙክት ከፍሎ ጠቦት መረከብ፤ ለአውሮፕላን ቅያሪም ዋጋ ይውጣለት

በመንዝ የበግ ገበያ አንድ ሻጭ የሙክት ዋጋ ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ጠቦት ጎትቶ ቢያመጣ ገዢው ዝም ብሎ ገመዱን አይቀበልም። ሻጩ "ጌታው፣ ምን ልዩነት አለው? ሁለቱም በግ ነው" ቢል ገበያተኛው ሁሉ ይስቅበታል። ወይ ሙክቱ ይመጣል፣ ወይ የዋጋው ልዩነት ይመለሳል፣ አለዚያም ገንዘቡ በሙሉ ተመልሶ ግዢው ይፈርሳል። ለዚህ ጠበቃ መቅጠርም ሆነ የሕግ አንቀጽ መጥቀስ አያስፈልግም። ማንም የሚያውቀው የገበያ ወግ ነው።

ይህ ወግ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ በር ወዲያ የሚያልፍ አይመስልም። ለሰፊው አውሮፕላንና ለሚዘረጋው መቀመጫ ከወራት በፊት ከፍሎ የተዘጋጀ መንገደኛ መመዝገቢያው መስኮት ላይ ሲደርስ "አውሮፕላኑ ተቀይሯል" ይባላል። ለምን ብሎ ቢጠይቅ "በአሠራር ምክንያት" ከሚል መልስ በቀር የሚያገኘው የለም። መቀመጫው ወደ ኋላ ሄዷል፣ ከቤተሰቡ ተለያይቷል፣ ወይም ጭራሽ ቦታ የለውም። የዋጋውን ልዩነት አጥብቆ የጠየቀ ያገኝ ይሆናል። ያልጠየቀ፣ ወይም መጠየቅ እንደሚችል የማያውቅ ግን ሙክት ከፍሎ ጠቦት ተረክቦ ይሄዳል። ይህ የአንድ አየር መንገድ ወይም የአንድ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የሚታይ ሲሆን፣ ልዩነቱ አንዳንዱ አገር ዋጋ ሲያወጣለት ሌላው በዝምታ ማለፉ ነው።

ጉዳዩ የዚህ ገጽ አንባቢዎችን በቀጥታ ይነካል። ወደ ዱባይ፣ ወደ ጓንዡ፣ ወደ ኢስታንቡል ለዕቃ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ባለሀብት ለማገናኘት ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚበረው ደላላ፣ የፋብሪካ መለዋወጫ ይዞ የሚመለሰው ኢንቨስተር ሁሉ የአየር መንገድ ደንበኞች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ቲኬት የንግድ ወጪ ነው። በገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ማወቅም እንደማንኛውም ገዢ መብታቸው ነው።

የምድሩ ትምህርት

የሰማዩን ጉዳይ ከማንሣታችን በፊት የምድሩን እንይ። ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳና ወደ ግሼ የሚሄድ፣ ወይም በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ወደ መርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ የሚጓዝ መንገደኛ "ቅያሪ" ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በደህና አውቶቡስ ይሳፈራል። መንገድ ላይ ሰው ወርዶ ወንበሩ ሲሳሳ ሾፌሩ መቀጠሉ አያዋጣውም። ረዳቱ "ወራጅ አለ! እዚህ መኪና ትዛወራላችሁ" ይላል። የቀሩት ተሳፋሪዎች ቅጥቅጥ ወይም ሚኒባስ ውስጥ ይታጨቃሉ። ረዳቱ ለተቀባዩ መኪና ከፍሎ የሚተርፈውን ኪሱ ሲከት መታየቱም ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአገራችን የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብለው የተመደቡ ሲሆን ታሪፉም በደረጃው ይለያያል። መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር መሆኑም በዋጋው ላይ ለውጥ ያመጣል። ይህ ማለት መንግሥት ራሱ፣ በጠጠሩ የመንዝ መንገድ ላይ እንኳ፣ "ተሳፋሪው የሚገዛው መድረሱን ብቻ አይደለም፤ የሚደርስበትንም መኪና ነው" የሚለውን መርሕ ተቀብሏል ማለት ነው። ከአንደኛ ደረጃ ወርዶ ሦስተኛ ደረጃ ላይ የተጫነ ሰው ስንት እንደተጎዳ ከታሪፉ ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ደቂቃ ማስላት ይቻላል። የጎደለው አስፈጻሚ እንጂ መለኪያ አይደለም። በአየር ጉዞ ግን መለኪያው ራሱ አልተቀመጠም።

አውሮፕላን ለምን ይቀየራል?

ነገርን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው። አውሮፕላን የሚቀየርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ብልሽት ሲገኝ፣ ለጥገና የገባው በጊዜው ሳይወጣ ሲቀር፣ ከሌላ አገር የሚመጣው ሲዘገይ፣ ወይም የመንገደኛው ቁጥር አንሶ ትልቁን ማብረር ሳያዋጣ ሲቀር ሊቀየር ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ከአቅም ጋር የተያያዙ ሲሆኑ የመጨረሻው የንግድ ስሌት ነው። ለተሳፋሪው ግን ሁሉም "የአሠራር ምክንያት" በሚል አንድ ስም ይነገሩታል።

ቅያሪ ግዴታ የሆነባቸው ጊዜያትም ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ። ብዙም ሳይቆይ በጥር 2005 ዓ.ም. በሌሎች አየር መንገዶች ድሪምላይነሮች ባትሪ ላይ በደረሰው አደጋ ምክንያት የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር አውሮፕላኑ እንዳይበር አገደ፤ የእኛም አየር መንገድ የነበሩትን አራቱን አቆመ። እስከ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ከሦስት ወር በላይ፣ በድሪምላይነር ሊበሩ ቲኬት የገዙ ሰዎች በሌላ አውሮፕላን ሄዱ። ያን ዕለት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተደረገው በረራ ከዕገዳው በኋላ በዓለም የመጀመሪያው የድሪምላይነር የንግድ በረራ ነበር።

ሁለተኛው እጅግ መራራ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አየር መንገዱ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ወዲያው አቆመ፤ ዓለምም ተከተለ። ማክስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደገና መንገደኛ የጫነው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ገደማ "አውሮፕላኑ ለምን ተቀየረ?" ብሎ ያጉረመረመ ቢኖር ነገሩ ያልገባው ብቻ ነው። ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ቅያሪ የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም።

ክርክራችን እንግዲህ አውሮፕላን አይቀየር የሚል አይደለም። ሲቀየር ልዩነቱን ማን ይክፈል ነው።

የሒሳቡ ነገር

አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787-8፣ በሚታወቀው አደራደሩ፣ 24 የቢዝነስና 246 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 270 መቀመጫ አለው። ቦይንግ 737-800 ደግሞ 16 የቢዝነስና 138 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 154 ነው። የመጀመሪያው ሞልቶ ተሽጦ ሁለተኛው ቢቀርብ 116 ሰው መሬት ላይ ይቀራል። ከቢዝነስ ክላስ ገዢዎች ስምንቱ ወይ ወደ ኋላ ይሄዳሉ ወይ ይቀራሉ። የተቀሩት 16ቱም ቢዝነስ ክላስ ተቀመጡ ቢባሉም የሚያገኙት መቀመጫ በሰፊው አውሮፕላን ላይ የገዙት ዓይነት አይደለም።

በአገር ውስጥ በረራም ያው ነው። አየር መንገዱ ከሚያበራቸው ኪው 400 አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ 78፣ አንዳንዶቹ 71 መቀመጫ ያላቸው ሆነው ተደራጅተዋል። ከውጪ ሲታዩ መንታ ናቸው። 78 ሰው የተሸጠበት በረራ ላይ ባለ 71ዱ ቢቀርብ ግን ሰባት ሰው ይተርፋል። በቀን ጥቂት በረራ ብቻ ባለው መስመር ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ላሊበላ፣ ሰባቱ ሰዎች የሚጠብቁት ሰዓት ሳይሆን ቀን ሊሆን ይችላል።

ሻንጣውም አለ። ነጋዴው ከመቀመጫው ይልቅ ለሻንጣው ይሳሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። በጣርማ በር ዳገት ጭነት ይዞ ያቃሰተ አይሱዙ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ይደክማል፣ የአውሮፕላንም ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን በአነስተኛ ሲተካ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የሚጫነው ኪሎም ይቆረጣል። ሰው ከሄደ ሻንጣ ይቀራል። ናሙና ይዞ ለንግድ ድርድር የሄደ ሰው ናሙናው ከሦስት ቀን በኋላ ቢደርስለት ምን ይጠቅመዋል?

ኪሳራው ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። የአራት ሰዓት መዘግየት ለቦሌ ነዋሪ አራት ሰዓት ነው። ለመንዝ ሰው ግን ሌላ ነው። የሩቅ አገር አውቶቡስ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ በመሆኑ ሌሊት አዲስ አበባ መድረስ የነበረበት መንገደኛ ረፋድ ላይ ቢደርስ የዕለቱ መኪና አምልጦታል። አራቱ ሰዓት አንድ ቀንና አንድ የአልጋ ኪራይ ሆነ ማለት ነው። ከግሼ ራቤል ተነሥታ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለሥራ የምትሄድ ወጣት በረራዋ ቢቀርባት አዲስ አበባ ዘመድ ከሌላት የት ታድራለች? ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያይ ወደ ጓሳ የሚመጣ ቱሪስትም አንድ ቀን ቢዘገይ ለመኪና ኪራዩ፣ ለአስጎብኚው፣ ለማደሪያው የተከፈለው ይቃጠላል። መንዝ የምታገኘው የቱሪዝም ገቢ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ክፉኛ ለተጎዳበት ሕዝብ ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ ወጪን ወደ ሌላ ማሻገር ይባላል። ቅያሪውን የሚወስነው አየር መንገዱ ነው፤ ነዳጅም ሆነ ሌላ ወጪ ከተረፈ የሚተርፈው ለእሱ ነው። ኪሳራውን የሚሸከመው ግን ውሳኔው ላይ ያልነበረው ተሳፋሪ ነው። አንድ ውሳኔ ለወሳኙ ነፃ ከሆነለት ደግሞ ከሚገባው በላይ ይደጋገማል።

የቲኬቱ ጀርባ

በቲኬት ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚታተመው ዓለም አቀፉ የውል ቃል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ኖሯል፤ ይኸውም አጓጓዡ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ያለማስታወቂያ አውሮፕላን ሊለውጥ ይችላል የሚል ነው። ተሳፋሪው ቲኬቱን ሲገዛ ይህን ፈርሟል ይባላል። እውነት ነው። ግን ለመለወጥ መስማማት ልዩነቱን ለመተው መስማማት ነውን?

ገበያው ነፃ ፉክክር ያለበት ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። የተከፋ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ ሻጩም ደንበኛ እንዳያጣ ይካሳል። ነገር ግን በአገር ውስጥ መደበኛ በረራ በዋናነት የአንድ አየር መንገድ ነው። ጎረቤት ሱቅ የለም። ጎረቤት ሱቅ በሌለበት ገበያ ደንበኛውን የሚጠብቀው ደንብ ብቻ ነው።

ሕግ ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ የምድርንና የአየር አጓጓዦችን ኃላፊነት ይደነግጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ዓይነትና ጥራት በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። አገራችን አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነትም በዓለም አቀፍ በረራ ላይ በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት አጓጓዡን ተጠያቂ ያደርጋል። ለዘገየ ወይም ለጠፋ ሻንጣ የተቀመጠው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን አንዱ ከአንድ ዶላር ይበልጣል። ነጋዴዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ የዘገየ ሻንጣ በእጅ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያላመለከተ መብቱን ያጣል።

እነዚህ ሕጎች የሚያተኩሩት ግን በደረሰ ጉዳት ላይ ነው። ጉዳቱን በደረሰኝ ማስረዳት ይጠይቃሉ። ከቢዝነስ ወደ ኢኮኖሚ የወረደ፣ በሰዓቱ ግን የደረሰ ሰው ምን "ጉዳት" ብሎ ይከሳል?

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ደንብ ለዚህ ቁርጥ ያለ ዋጋ አውጥቶለታል። ከገዛው ማዕረግ ዝቅ ተደርጎ የበረረ መንገደኛ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ባለ በረራ የቲኬቱን 30 በመቶ፣ በመካከለኛ ርቀት 50 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆነ ረጅም በረራ 75 በመቶ በሰባት ቀን ውስጥ ይመለስለታል። ጉዳት ማስረዳት፣ ደረሰኝ ማቅረብ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ከዱስልዶርፍ በዱባይ አድርጎ ወደ ቶኪዮ ለመሄድ ከፍሎ በመጀመሪያው ጉዞ ከፈርስት ወደ ቢዝነስ ክላስ በወረደ መንገደኛ ጉዳይ ሲወስን፣ ስሌቱ ዝቅ የተደረገበትን በረራ ዋጋ ብቻ መሠረት እንዲያደርግ ወስኗል። አየር መንገዱ የገልፍ አገር መሆኑ ከክፍያ አላዳነውም፤ ደንቡ ከኅብረቱ አገር የሚነሣን በረራ ሁሉ ይይዛልና።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታዘባል። ያው መንገደኛ፣ ያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ያው መስመር ሆኖ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይህ ዋስትና አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲሄድ ግን የለውም። ይህ ልዩነት የአየር መንገዱ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ ተቆጣጣሪ ክፍል ዝምታ ውጤት ነው። አየር መንገዱ በአውሮፓ ምድር ላይ ሊያደርገው የሚችለውን በአገሩ ምድር ላይ የማያደርግበት የአቅም ምክንያት የለውም።

ማን ይቅር ለሚለውም ጥያቄ የተፈተነ መልስ አለ። ጁልያን ሳይመን የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1968 ወንበር ሲጎድል ሠራተኛ መርጦ ከማስቀረት ይልቅ "ስንት ቢከፈልህ ትቀራለህ?" ብሎ ማጫረት ይሻላል ሲል ጻፈ። አየር መንገዶች ሳቁበት። ከ10 ዓመት በኋላ ሌላው ኢኮኖሚስት አልፍሬድ ካን የአሜሪካ ሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ ሊቀመንበር በነበሩበት ጊዜ በሥራ ላይ ዋለ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ያልቸኮለው ተማሪ ገንዘብ ይዞ ደስ ብሎት ይቀራል፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ይሄዳል። በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ "የማን ዘመድ ነው?" የሚለውን ጥርጣሬ ያስቀራል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። አየር መንገድ በቅያሪ ገንዘብ የሚያጣ ከሆነ የተበላሸውን አውሮፕላን ላለመቀየር ይፈተናል፤ ይህም ሕይወት ያስከፍላል ይባላል። ስጋቱ ሊናቅ አይገባም። መልሱ ቅጣትንና የዋጋ ልዩነትን ለይቶ ማየት ነው። ቅጣት ከኪስ የሚወጣ ነው። የዋጋ ልዩነት ግን ያልተሰጠ አገልግሎት ዋጋ በመሆኑ መጀመሪያውኑም የሻጩ ገንዘብ አይደለም። የአውሮፓው ደንብ ይህን ለይቷል፤ በረራ በመሰረዙ የሚከፈለው ካሣ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲኖር ይቀራል፣ የማዕረግ ልዩነት ግን በማንኛውም ምክንያት ይመለሳል። ደግሞም ቅያሪን እምቢ ማለት በረራን መሰረዝ ወይም ማዘግየት ነው፤ ያ ደግሞ ከልዩነቱ በላይ ያስከፍላል።

ሁለተኛው፣ የቲኬት ዋጋ ይጨምራል የሚል ነው። ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ከ140 በላይ አውሮፕላን ያለው ድርጅት የቅያሪን አደጋ በሚሊዮኖች ቲኬት ላይ በሳንቲም ሊያከፋፍለው ይችላል። በዓመት አንዴ የሚበር ሰው ግን አደጋው የደረሰበት ዕለት ብቻውን ይሸከመዋል። ኢንሹራንስ የተፈለሰፈው ለዚህ አይደለምን?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከአገራችን ለሚነሣ በረራ ሁሉ፣ የአገር ውስጡን ጨምሮ፣ የማዕረግ ልዩነት የሚመለስበትን የመቶኛ ሰንጠረዥ ያውጣ። ገንዘቡ ሳይጠየቅ በተከፈለበት መንገድ፣ በባንክም ሆነ በቴሌብር፣ በሰባት ቀን ይመለስ።

ሁለተኛ፣ አውሮፓም የዘለለውን ክፍተት እንሙላ። እዚያም ቢሆን ማዕረጉ ሳይቀየር መቀመጫው ብቻ ሲያንስ የሚመለስ ነገር የለም። በቲኬቱ ላይ "ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ መቀመጫ" ተብሎ ከተሸጠ እና ያ ካልቀረበ፣ አነስ ያለም ቢሆን የታወቀ ተመላሽ ይኑረው።

ሦስተኛ፣ ቅያሪው እንደታወቀ በስልክ መልእክት ይነገር። ለአዲስ አበባው ሰው ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ማወቅ ይበቃዋል። ከመሐል ሜዳ ለሚነሣው ግን ከዋዜማው በፊት ካልተነገረው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ሻንጣ የሚቀር ከሆነም ባለቤቱ ከመሳፈሩ በፊት ይወቅ፤ የትኛው ይቅርብህ ተብሎ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ወንበር ሲጎድል መጀመሪያ በፈቃደኝነት የሚቀር ይፈለግ፤ ጨረታው በግልጽ ይካሄድ።

አምስተኛ፣ የክልልና የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች በእጃቸው ያለውን ታሪፍ ይጠቀሙበት። ደብረ ብርሃን ላይ ተሳፋሪ ሲዛወር የሁለቱ ደረጃዎች ታሪፍ ልዩነት እዚያው ይመለስ። መናኸሪያው ተራ አስከባሪ አለው፤ ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ በዓመት በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ተሳፋሪ የሚያስተናግድ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመገንባት ታቅዷል። ዕቅዱ የሚያኮራ ነው። ተሳፋሪው በጨመረ ቁጥር ቅያሪውም ይጨምራል። ሕንፃው ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመታት ይፈልጋል፤ የመቶኛ ሰንጠረዥ ለማውጣት ግን አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ፊርማ ይበቃል። ለሚመለከተው ክፍል የምናቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ፊርማው መቼ ይውጣ?